ታካሚዬ ለዶክተሩ እጅ ይነሳሉ፣ በእኔ ላይ ዕቃ ይወረውራሉ። ለምን?

ተረኛዋ (ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ናይት ዱቲ ላይ ሆኜ ነው። ዋርዱ አሁን ጸጥ ብሏል። ቅንድቤ ግን ይጠዘጥዘኛል። ሦስት ቦታ ተሰፍቻለሁ።

ነርስ ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የወንዶች ቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ነው። አንድ ታካሚ አሉኝ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ የእግራቸው ቁስል ከፍቷል። ከተኙ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኔን ማየት አይፈልጉም። ቁስሉን ላጥብ ስቀርብ «እጅሽ ሻካራ ነው» ይሉኛል። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ይሉኛል። አንድ ቀን «ገረድ» ብለውኛል። መርፌ ስወጋቸው እጄን ይመታሉ።

ጠዋት ዶክተሩ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ተነስተው ይቀመጣሉ። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብለው ጎንበስ ይላሉ።

ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፋሻቸውን ልቀይር ሄድኩ። ገና ቁስሉ ላይ ያለውን ጋዝ (ስስ ጨርቅ) ሳላቅቅ፣ ኪድኒ ዲሹን (የኩላሊት ቅርጽ ያለውን የሕክምና ሳህን) አንስተው ወረወሩብኝ። ብረት ነው። ደሙ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጓደኛዬ ጮኸች። ተረኛው ሐኪም መጥቶ ሰፋኝ። ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ምክንያቱም ያለነው ሁለት ነርሶች ነን፣ ዋርዱ ሞልቷል።

እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የሚያጥባቸው፣ የሚያገላብጣቸው፣ ሌሊቱን አብሯቸው የሚያድረው ሰው ላይ ለምን? ምን አድርጌያቸው ነው?

ቡና ሰፈር (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15)

እግዚአብሔር ይማርሽ እህቴ። ዓይንሽን ስለተረፈሽ ተመስገን። ዛሬ ግቢና ተኚ።

ይበቃል (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05)

ለምን ብለሽ አትጠይቂ። ሰውየው መታሽ፣ በቃ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አመልክቺ። መንገድ ላይ ሰው በብረት ቢፈነክትሽ «ምን አድርጌው ነው» ትያለሽ እንዴ? አልጋ ላይ መተኛት ፈቃድ አይሰጥም። እኔም ነርስ ነበርኩ። በዚሁ ምክንያት ነው የተውኩት።

ነባር ሲስተር (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30)

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። 34 ዓመት ነጭ ለብሻለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ጀርባዬን መቱኝ። እኔም እንዳንቺ «ምን በደልኳቸው» እያልኩ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ። ጥያቄሽ ገብቶኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ የገባኝን ልንገርሽ። እኛ ቤት ሰውን የሚያጥበው፣ የሽንት ዕቃ የሚያቀርብለት ማን ነው? በልጅነቱ እናቱ ናት። ካደገ በኋላ፣ አቅም ካለው፣ ሠራተኛ ናት። ሌላ ሰው አያውቅም። ሲገባ የሚነሱለት፣ ሳይቆርስ የማይበላበት አባወራ አንድ ቀን በልጁ ዕድሜ ባለች ሴት ፊት ራቁቱን ይተኛል። እናቴ እንዳይልሽ ልጁ ታክያለሽ። ስለዚህ ገረድ ይልሻል። እፍረቱን የሚሸፍንበት ሌላ ጨርቅ አጥቶ ነው።

ደግሞ አንቺ የምትመጪው መርፌ ይዘሽ ነው። ሐኪሙ ያዝዛል፣ የምታሳምሚው አንቺ ነሽ። «ውኃ አይጠጣም» የምትዪው አንቺ ነሽ። «አስታማሚ ይውጣ» የምትዪው አንቺ ነሽ። «መድኃኒቱ እኛ ጋ የለም» የምትዪውም አንቺው ነሽ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ «የለም» እና «አይቻልም» የሚለው ቃል ሁሉ ባንቺ አፍ ነው የሚወጣው።

የሙያችን አጀማመር እንዲህ አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቃለች። የንጉሥ ልጅ የታመሙ ሕፃናትን ጨርቅ ቀይራለች። እኛ ስንማር ይህን እየነገሩ ነበር የሚያበረታቱን። ነጩን ልብስ ለብሰን መንገድ ስናቋርጥ ሰው ቆሞ ያሳልፈን ነበር። ዱሮም ቢሆን ግን አልጋው ዘንድ ስንደርስ የሚሰድበን አልጠፋም።

ሪፖርት ጻፊ ልጄ። ሳትጽፊ እንዳታድሪ። እኔ ያን ጊዜ አልጻፍኩም፣ ያ ሽማግሌ በሳምንቱ ሌላዋን መቱ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም (ረቡዕ፣ ቀን 7፡20)

ሲስተር፣ እግዜር ይማርሽ። ምክንያቱን ከመተንተናችን በፊት አንድ ልጠይቅሽ። ዕቃውን በወረወሩ ጊዜ የደም ስኳራቸው ስንት ነበር?

የምጠይቀው ለሰበብ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ከ70 (ሚ.ግ. በዴሲ ሊትር) በታች ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል። የበለጠ ከወረደ ሰው አይለይም፣ ይማታል። ጉሉኮስ በደም ሥሩ ሲገባለት በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። ያደረገውን ብዙ ጊዜ አያስታውስም። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አልጋ ላይ ሊያስሩት ሲታገሉ ደርሼ አውቃለሁ። ስኳሩ 38 ነበር።

ዴሊሪየም የምንለውም አለ። ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡ መድኃኒቶች፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ፣ አእምሮን ያደናግራሉ። ይህ መደናገር ይመጣል ይሄዳል። ማታ ይብሳል። ጠዋት ራውንድ (ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ ዞረው ታካሚ የሚያዩበት) ላይ ደህና ሆኖ ያየነው ሰው ማታ ነርሷን ሌባ መስላው ይታገላታል። ስለዚህ «ለዶክተሩ ደህና ነበሩ» የሚለው ብቻውን አያስፈርድም። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ሆስፒታል ገብቶ ድንገት ሲያቆም፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህ ይገድላል። ካርድ ላይ «አስቸጋሪ ታካሚ» ተብሎ ተጽፎ ሳይ በጣም የምከፋው ለዚህ ነው። ይህ ምርመራ አይደለም።

ሰውየው ደህና አእምሮ ካላቸው ግን ነገሩ ጥቃት ነው፣ እንደ ጥቃት መያዝ አለበት። አንቺ ብቻ አይደለሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ8 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች በሥራ ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት ይደርስባቸዋል ይላል። ስድብና ዛቻ ያልደረሰበት ነርስ ግን እኔ አላውቅም።

ተረኛዋ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡10)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነባር ሲስተር፣ የርስዎን አንብቤ አለቀስኩ። ሪፖርቱን ጽፌያለሁ።

ዶክተር፣ ስኳራቸውን ወዲያው ለክተናል። 312 ነበር፣ ከፍ ያለ እንጂ የወረደ አይደለም። ትኩሳት የላቸውም፣ መጠጥ አይቀምሱም። የት እንዳሉና ቀኑ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ። የሰደቡኝም ስሜን ጠርተው ነው። ስለዚህ መደናገር አይመስለኝም።

ግን የእርስዎ «ራውንድ» የሚለው ቃል አንድ ነገር አስታወሰኝ።

ሰኞ ቀን ተረኛ ነበርኩ። ትልቁ ራውንድ ነበር። ኮንሰልታንቱ (ዋናው ስፔሻሊስት)፣ ሬዚደንቶቹ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩት ሐኪሞች)፣ ኢንተርኖቹ (ልምምድ ላይ ያሉት)፣ ተማሪዎቹ፣ አሥራ አንድ ሰው አልጋቸውን ከበበ። ቁስሉ ተገለጠ። ሬዚደንቱ ኬዙን በእንግሊዝኛ አቀረበ። ጥያቄ ተጠየቀ፣ በእንግሊዝኛ ተመለሰ። ጋሼ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ያያሉ። አንድ ተማሪ አፍንጫውን ያዘ። ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት ተብሎ ተወሰነ። «አምፑቴሽን» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ያህል ተባለ። ከዚያ ኮንሰልታንቱ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ «አይዞዎት አባባ፣ እናክምዎታለን» አላቸው። ሄዱ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «ምን አሉ?» አሉኝ። እኔ «ዶክተሩ ይነግርዎታል» አልኳቸው። እንዲህ ያለውን ነገር መንገር የሐኪም ሥራ ነው ተብለን ስለተማርን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና ጠየቁኝ። ወደ ማታ ዱቲ ላስረክብ ስል ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለስኩላቸው። ማክሰኞ ማታ ፋሻ ይዤ ስመጣ የሆነው ሆነ።

ከዚያ በፊትም ይሰድቡኝ ነበር፣ እሱን አልረሳሁም። ግን እየደጋገመ ወደ ጭንቅላቴ የሚመጣው «ምን አሉ?» ያሉበት ድምፅ ነው።

አስታማሚ የነበርኩ (ረቡዕ፣ ማታ 4፡45)

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። ነርስ ሰድቤያለሁ። ልጻፈው።

አባቴ ስትሮክ መቶት ተኝቶ ነበር። የጤና መድን ካርድ አለን፣ በየዓመቱ እንከፍላለን። ለክፉ ቀን ብለን ነው። ክፉው ቀን መጣ፣ ካርዱን ስሰጥ የታዘዘው መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። «ከውጭ ግዛ» ተባልኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። አራት ፋርማሲ ዞርኩ። ለኮንትራት ታክሲ ያወጣሁት የመድኃኒቱን ዋጋ ያህላል። ያገኘሁትን ይዤ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ተረኛዋ አየችውና «ወንድሜ፣ ይሄ መጠኑ ሌላ ነው» አለችኝ።

በዚያ ሌሊት እዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሰው በላ» አልኳት። ከዚያ የከፋም ብያታለሁ። እንኳን ለሌላ ሰው እህት፣ ለጠላትም አይባልም። አልመለሰችልኝም። ወረቀቱን ተቀበለችኝና ወጣች። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ ከሌላ ዋርድ ይመስለኛል፣ ትክክለኛውን ይዛ መጥታ ወጋችው።

አሁን ሳስበው ለማን ነበር መጮህ የነበረብኝ? መድኃኒቱን ያላቀረበውን ሰው አላውቀውም። ቢሮው የት እንደሆነ አላውቅም። ያን ሰዓት ተኝቷል። በዚያ ሌሊት ዓይኗን ገልጣ ፊቴ የቆመች ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ወንድ ሐኪም ቢሆን አልጮህም ነበር። አባቴን ይተውብኛል ብዬ እፈራ ነበር። እሷ ግን እንደማትተወው አውቃለሁ። ስለማትተወው ነው የጮህኩባት።

አባቴ በሁለተኛው ቀን አረፈ። አገጩን ያሰረችው እሷው ናት። ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ስሟን አላውቅም።

ቡና ሰፈር (ረቡዕ፣ ማታ 5፡00)

«ስለማትተወው ነው የጮህኩባት።» ወንድሜ፣ ይሄን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ እናቴ ላይ የምጮኸውም በዚሁ ምክንያት ነው መሰለኝ።

ወንዱ ነርስ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡40)

ካለፈው ጽሑፍ ልነሳ። እኔና ባልደረባዬ እኩል ተመርቀናል፣ እሷ እንዲያውም በልምድ ትበልጠኛለች። አንድ ክፍል አብረን ስንገባ ታካሚው እኔን «ዶክተር»፣ እሷን «አንቺ» ይላል። «ነርስ ነኝ» ብዬ አርማለሁ፣ በሚቀጥለው ቀን ያው «ዶክተር» ነኝ። ሴት ሐኪሞቻችን ደግሞ አምስት ጊዜ ራሳቸውን አስተዋውቀው «ሲስተር» ነው የሚባሉት። እሷ መርፌ ስትወጋ የሚሳደበው ሰው እኔ ስወጋው ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። መርፌው አንድ ነው።

ስለዚህ ሕመም፣ ድንጋጤ፣ ድህነት ስንል ይህንንም እንጨምርበት። የተጨነቀ ሰው ሁሉ ይቆጣል፣ ግን ቁጣውን የሚያወርድበትን ሰው ይመርጣል። ጋሼም መርጠዋል። ኪድኒ ዲሹ ሰኞ ራውንድ ላይም አጠገባቸው ነበር።

ሌላዋ ሲስተር (ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10)

ማንም ያላነሳው አለ። አልጋ ሲነጠፍ እጁን የሚሰድ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ስናስገባ የማይባል ነገር የሚናገር፣ አጠገቡ ያለው አልጋ ደግሞ የሚስቅ። ይህ ፍርሃትም እፍረትም አይደለም። እኔ ለዚህ ማብራሪያ አልፈልግም። መጋረጃውን ገልጬ፣ ጮክ ብዬ፣ ዋርዱ እየሰማ «እጅዎን ይሰብስቡ» እላለሁ። መጀመሪያ ስለው ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ ነበር።

የሁለት ልጆች እናት (ሐሙስ፣ ቀን 6፡55)

አትቆጡኝ፣ ግን እኔም ልናገር። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ምጥ ይዞኝ ስጮህ አንዲት ነርስ ጭኔን በጥፊ መታችኝ። «ስታረግዢ እንዲህ ጮኸሻል?» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴን እንዳይገቡ ከልክለዋቸዋል። ከልጄ መወለድ ይልቅ ያን ቃል ነው የማስታውሰው።

ሁለተኛውን ልወልድ ስሄድ ከበሩ ጀምሮ ተቆጥቼ ነው የገባሁት። አንዲት ልጅ መጥታ «እማዬ፣ ደም ግፊትሽን ልለካ» አለችኝ። እጇን ገፋሁት፣ «አትንኪኝ» ብዬ ጮህኩባት። ምንም አላጠፋችም። የሰባት ዓመት ዕዳ ነው የከፈለችልኝ። ተረኛዋ እህቴ፣ የሚጮህብሽ ሰው አንዳንዴ ከአንቺ በፊት ከነበረችው ጋር ነው የሚጣላው።

ነባር ሲስተር (ሐሙስ፣ ቀን 8፡20)

ማንም አይቆጣሽም ልጄ። ያንን ቃል እኔ ራሴ ሲባል ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ሜትረን (የነርሶች አለቃ) ከሆንኩ በኋላ ነው መቅጣት የጀመርኩት፣ ዘግይቻለሁ። ለዚያች ያልተናገርኩት ለአንቺ ይሁን፤ ይቅርታ አድርጊልን።

የሚሰደብ ነርስ ለሚቀጥለው ታካሚ አፉ ይከፋል። የተሰደበ ታካሚም ለሚቀጥለው ነርስ እንደዚያው ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሌሊት በአንድ አልጋ የተነሳ ክፉ ቃል ጠዋት አራተኛው አልጋ ይደርሳል።

ሜሪላንድ ማታ (ሐሙስ፣ ሌሊት 6፡30)

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) ጀምሬ አሁን አርኤን (ፈቃድ ያላት ሙሉ ነርስ) ነኝ። እዚህ ያለን ሐበሾች ብዙ ነን፣ ሥራውን ታውቁታላችሁ።

አሜሪካ ይህ የለም ብሎ የሚያስብ ካለ ልንገረው። የመንግሥቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 በሥራ ቦታ ጥቃት ምክንያት ከደረሱት ለሞት ያላበቁ ጉዳቶች ውስጥ 73 በመቶው የጤና ሠራተኞች ላይ የደረሰ ነው ብሏል። እኔ ተነክሻለሁ፣ ተተፍቶብኛል፣ ፀጉሬ ተነቅሏል።

ዲሜንሺያ (የመርሳት ሕመም) ያለባቸውን አልቀየምም። ፀሐይ ስትጠልቅ ይረበሻሉ። አንዲት የ91 ዓመት እናት በየማታው «ቤቴ ገብተሽ ሰረቅሽኝ» ብለው ይመቱኛል። ጠዋት እጄን ይዘው ይስማሉ። እሳቸውን ወደ ቤት ይዣቸው አልሄድም። ይዤው የምሄደው አእምሮው ሙሉ የሆነውን ነው። «ነጭ ነርስ አምጡልኝ» ያለኝን። የመጀመሪያዋ አለቃዬ ሰላም እንዲወርድ ብላ ቀየረችኝ። ሌላ ክፍል ስመደብ እኔ የተቀጣሁ መሰለኝ። ዓመታት ቆይቶ ያው ነገር ሲደገም ሌላዋ አለቃ ክፍሉ ገብታ «ነርስዎ እሷ ናት፣ ሌላ የለኝም» አለችው። ከዚያ በላይ ምንም አላለችም። ያን ቀን ታክስ ሳይቆረጥብኝ ደመወዝ የተጨመረልኝ ያህል ተሰማኝ።

ተረኛዋ፣ ሰውየው ለምን መቱኝ ከሚለው ባልተናነሰ ልጠይቅሽ። ጠዋት አለቃሽ አልጋቸው ዘንድ ሄዳ ምን አለቻቸው?

ከነታንያ (ዓርብ፣ ጠዋት 4፡15)

እኔ እስራኤል ውስጥ ነርስ ነኝ። ስለ «ምን አሉ?» አንድ ነገር ልጨምር።

በዘመቻ ሰለሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጡ አንድ አባት ተኝተው ነበር። ዕብራይስጥ አይሰሙም። ፋይላቸው ላይ «ጠበኛ» ተብሎ ተጽፏል። ጠዋት ጠዋት ደም ሊቀዳ የሚመጣን ሁሉ በክርናቸው ይማታሉ። ሰው ጠራኝና ሄድኩ። «አባቴ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው። «ደሜን በየቀኑ ይወስዳሉ። ወስደው ይጥሉታል» አሉኝ።

እዚህ ያለ ሰው ይህ ቃል ከየት እንደመጣ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 እኛ ቤተ እስራኤሎች የለገስነው ደም በስውር ይጣል እንደነበር ታውቆ ኢየሩሳሌም ላይ ትልቅ ሰልፍ ወጥተን ነበር። እኚህ አባት ሰልፉ ላይ ነበሩ። ለነርሷ ግን ሰውየው ያለ ምክንያት የሚማታ በሽተኛ ነው። ለምን እንደሚቀዳ፣ ስንት ማንኪያ እንደሚሆን፣ ውጤቱ ምን እንዳሳየ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ከዚያ በኋላ ክንዳቸውን ራሳቸው ዘረጉ።

ሁሌም ግን እንዲህ ያልቃል ብዬ አልዋሽሽም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሖሎን ከተማ አንዲት ነርስ ክሊኒክ ውስጥ በአንድ ታካሚ በእሳት ተቃጥላ ሞታለች። የአገሪቱ ነርሶች ሥራ አቁመው ወጥተናል። አስረጂ፣ በሩን ግን ከጀርባሽ አድርጊ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ (ዓርብ፣ ቀን 9፡00)

የመጨረሻው ቃል ልክ ነው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚያስተምሩን እሱን ነው። በሩ ከአንቺ ጀርባ ይሁን፣ ግን የሰውየውንም መውጫ አትዝጊ። ፊት ለፊት አትገተሪ፣ ትንሽ ሰያፍ ብለሽ ቁሚ። ክንድ ከሚደርስበት ራቂ። ስቴቶስኮፕና ሻርፕ አንገትሽ ላይ አይንጠልጠል። ትሪውን የሚያነሱት ቦታ አታስቀምጪ፣ በተለይ መቀስ።

«ተረጋጉ» አትበዪ። ተረጋጋ ሲባል የተረጋጋ ሰው አላየሁም። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ እሱም ሊሰማሽ ሲል ዝቅ ይላል። የምታደርጊውን ከማድረግሽ በፊት ንገሪ፦ «አሁን ፋሻውን ላርሰው ነው፣ ያቃጥላል፣ በቃ ሲሉኝ አቆማለሁ።» ከዚያ በቃ ሲሉሽ የምር አቁሚ። አንድ ጊዜ ካቆምሽላቸው ሁለተኛውን ይታገሱሻል። ከሕመም ማስታገሻው በፊት ደግሞ ፋሻ አይፈታም። ሰውየው የሚማቱት ስለሚያማቸው ብቻ ሊሆንም ይችላል እኮ።

ተረኛዋ (እሑድ፣ ማታ 1፡50)

የቆየሁት ሥራ በዝቶ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሜሪላንድ ማታ፣ ጥያቄሽ አሳፈረኝ። ማንም አልጋቸው ዘንድ ሄዶ ምንም አላለም ነበር። ዓርብ ጠዋት ሪፖርቴን ይዤ ሜትረኗ ቢሮ ገባሁ። የእናንተንም የተወሰነ አነበብኩላት። ተነስታ ሄደች። «ልጄን ፈንክተውብኛል። ሁለተኛ እጅዎ ቢነሳ ፖሊስ ነው የምጠራው። አሁን ደግሞ ምን እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ» አለቻቸው። ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ «እግሬን ምን ሊያደርጉት ነው?» አሉ።

ሬዚደንቱን ለመንኩት። የዚያኑ ዕለት ከሥራ በኋላ መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የጋሼ ልጅም ነበረች። በአማርኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ከየት እንደሚቆረጥ፣ ባይቆረጥ መርዙ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቁስሉ ሲድን ሰው ሠራሽ እግር እንደሚኖር።

ጋሼ ሸማኔ ናቸው። ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር፣ እኔንም ጨምሮ። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠው መርገጫውን የሚረግጡት በእግራቸው ነው። «በሱ አይረገጥም?» አሉት ሬዚደንቱን፣ ስለ ሰው ሠራሹ እግር። «እውነቱን ልንገርዎ፣ አላውቅም» አላቸው። ያን ጊዜ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

በማግሥቱ ሁለት ሆነን ፋሻ ልንቀይር ሄድን። ማስታገሻው ከተሰጣቸው ግማሽ ሰዓት ሆኗል። የማደርገውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እጄ አሁንም ሻካራ ነው አሉኝ። ስንጨርስ ቅንድቤን ትክ ብለው አዩት። «ማነው የሰፋው?» አሉ። ተረኛው ሐኪም ነው አልኳቸው። «ክሩን አላልቶታል» አሉኝ።

ይቅርታ አላሉኝም።

ይበቃል (እሑድ፣ ማታ 3፡30)

ሸማኔ ሲሆኑ አዝኛለሁ፣ የምሬን ነው። ግን ይቅርታ ሳይሉሽ ለምን ታስታምሚያቸዋለሽ? ሌላ ሰው ይመደብ አትዪም?

ተረኛዋ (እሑድ፣ ማታ 3፡55)

ብያለሁ። ሜትረኗ ልትቀይረኝ ፈቃደኛ ነበረች። ከዚያ እኔው ራሴ ተውኩት። ሪፖርቱን ግን አላነሳሁም፣ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ወንዱ ነርስ ያልከው እውነት ነው፣ መርጠው ነው የመቱኝ። ይህንን ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። «ለዶክተሩ አይወረውሩም ነበር» አልኳቸው። አልመለሱልኝም፣ ግን ዓይኔን አይተዋል። ቀዶ ሕክምናው ነገ ነው።

አስታማሚ የነበርኩ (ሰኞ፣ ማታ 4፡10)

እንዴት ሆኑ?

ተረኛዋ (ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10፡20)

ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጥተዋል። ሌሊቱን ተረኛዋ እኔ ነኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ነቁ፣ እጃቸውን ወደ ታች ሰደው ዳሰሱና መልሰው ሳቡት። ከዚያ «ሲስተር» አሉ። እንዲህ ብለው ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ውኃ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ገና ነው፣ አይቻልም» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልሰደቡኝም። ጋዝ በውኃ ነክሬ ከንፈራቸውን አራስኩላቸው።